ገጹ አምሯል፣ ቡኪንጉ ግን የት ገባ? የአንድ ሐዋሳ ፔንሲዮን ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ፔንሲዮን ነው፣ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ 14 ክፍል ያለው። የፔንሲዮኑን ባለቤት ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም ስማቸውን ትቼ እንደዛው እጠራቸዋለሁ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፣ እንደውም «ጻፈው፣ ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይከስር» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

እትዬ ዌብሳይት ለማሰራት የተነሱት ሐምሌና ታህሳስ ላይ ስለሚጨናነቁ ነው። ሐዋሳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ 19 እና ታህሳስ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግስ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ቦታ ሰው ይጎርፋል፣ በነዛ ቀናት ክፍል ማግኘት ፈተና ነው፣ የሪሴፕሽኑ ስልክ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ አንዱን ስታነሳ ሌላው ያመልጣል። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም ከተማው ይሞላል። እትዬ ያሰቡት ቀላል ነገር ነው፣ እንግዳው እዛው ባለበት ሆኖ ክፍል ይያዝ፣ እኛም ማን እንደያዘ እንወቅ።

የሰራላቸው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይሄን ከወዲሁ ልበል። ገጹ ያምራል፣ የሐይቁ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል፣ ክፍሎቹ ከነዋጋቸው ተደርድረዋል፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይነበባል፣ ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ቅርጹ አይበላሽም። ታች ላይ «ክፍል ይያዙ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ስምህን ስልክህን ቀኑን ሞልተህ ስትነካው አረንጓዴ ሳጥን ብቅ ይልና «እናመሰግናለን፣ ቡኪንግዎ ደርሶናል» ይላል። እትዬ ይሄን ራሳቸው ሞክረው አይተው ነው ቀሪውን ክፍያ የጨረሱለት። ውሉ ላይ ስለ ስራው የተጻፈው አንድ መስመር ነው፣ «ዘመናዊ ዌብሳይት ከነቡኪንጉ» ይላል፣ በቃ።

ከዛ ሐምሌ 18 ማታ፣ የንግሱ ዋዜማ፣ አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ መጣ። ልጆች አሉ፣ ጸበል ብለው የመጡ እናት አሉ፣ አባትየው ስልኩ ላይ ያንን አረንጓዴ ሳጥን ስክሪንሻት አድርጎ ይዞታል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ደብተሩን ብታገላብጥ ስማቸው የለም፣ ክፍል ደግሞ አንድም አልቀረም። በዛው ማታ ሌሎችም ተመሳሳይ ስክሪንሻት ይዘው መጡ። እትዬ መጀመሪያ የጠረጠሩት ልጅቷን ነው፣ የተያዘውን ክፍል ጨምሮ ለከፈለ ሰው ሰጥታዋለች ብለው። ልጅቷ ስታለቅስ አመሸች፣ ለጥቂት ከስራዋ ልትባረር ነበር። ከጉዳዩ ሁሉ እኔን እስካሁን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ማንም ሊያየው በማይችል ነገር ተጠያቂ ሲሆን።

እኔ በሙያዬ ባክ ኤንድ፣ ማለትም ከገጹ ጀርባ ያለውን የማይታየውን ክፍል ነው የምሰራው፣ እትዬ በዘመድ በኩል ነው ያገኙኝ። ላፕቶፕ ላይ ገጹን ከፍቼ ኤፍ 12 ተጫንኩ፣ ይሄ ቁልፍ አብዛኛው ብራውዘር ላይ የዴቨሎፐር መሳሪያውን ይከፍታል፣ እዛ ውስጥ ኔትወርክ የሚል ክፍል አለ፣ ገጹ ወደ ውጪ የላከውንና የተቀበለውን በሙሉ ያሳያል። ፎርሙን ሞልቼ «ክፍል ይያዙ» የሚለውን ነካሁ። አረንጓዴው ሳጥን መጣ፣ ምስጋናው መጣ፣ ኔትወርኩ ላይ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ አንድ መስመር እንኳ አልወጣም። ኮዱን ሳየው ቁልፉ ሲነካ ምስጋናውን እንዲያሳይ ብቻ ነው የተጻፈው። የእንግዳው ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ሁሉም እዛው እንግዳው ስልክ ላይ ቀርቶ ገጹ ሲዘጋ ጠፍቷል። ኢንተርኔት ተቆራርጦ አይደለም፣ ልጅቷም ምንም አላደረገች፣ መረጃው መጀመሪያውኑ ከእንግዳው እጅ አልወጣም።

እትዬ ይሄን ሲሰሙ «ታዲያ ልጁ ሌባ ነዋ» አሉ። እኔ እንደዛ አላምንም። ልጁ የፍሮንት ኤንድ፣ ማለትም የሚታየው ገጽ ሰው ነው፣ የሚችለውን አሳምሮ ሰርቷል፣ ጥፋቱ የማይችለውን ክፍል «ሰርቻለሁ» ብሎ ማስረከቡ ነው። ደውዬ ሳናግረው «ባክ ኤንዱ በሁለተኛ ዙር የሚሰራ መስሎኝ ነው» አለኝ። እትዬ ደግሞ ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር መኖሩን በምን ይወቁ፣ ባክ ኤንድ የሚለውን ቃል ራሱ ከኔ ነው የሰሙት።

እስቲ ነገሩን እንለየው። ፍሮንት ኤንድ ማለት እንግዳው ስልክ ላይ ባለው ብራውዘር ውስጥ የሚሰራው ነው፣ በኤችቲኤምኤል ጽሁፉና አወቃቀሩ ይጻፋል፣ በሲኤስኤስ ቀለሙና አቀማመጡ ይስተካከላል፣ በጃቫስክሪፕት ደግሞ ሲነካ የሚከፈተው የሚዘጋው የሚንቀሳቀሰው ይሰራል። ይሄ ኮድ በሙሉ ወደ እንግዳው ስልክ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላ እንግዳው ሊያየውም ሊቀይረውም ይችላል፣ የናንተ ቁጥጥር እዛ ላይ ያበቃል። ባክ ኤንድ ግን እናንተ በተከራያችሁት ሰርቨር (ሌት ተቀን ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) ላይ የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ በፒኤችፒ ይሁን በፓይተን ይሁን በኖድ፣ ከስሩ ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት መዝገብ አለው፣ የመጣውን መረጃ ተቀብሎ ይመረምራል፣ ያስቀምጣል፣ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። እንግዳው እዛ ውስጥ እጁን ማስገባት አይችልም። ባጭሩ ማሳየት የፍሮንት ኤንድ ስራ ነው፣ ማስታወስና መወሰን የባክ ኤንድ። ለእትዬ የገባቸው እንዲህ ስላቸው ነው፣ «ልጁ የሰራልዎት የሪሴፕሽኑን ጠረጴዛ ነው፣ ደብተሩን አላስቀመጠም።» ወዲያው «እና ደብተሩ ስንት ነው?» አሉኝ፣ ነጋዴ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም ቢዝነስ ባክ ኤንድ ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም። ጸጉር ቤት ያለው ሰው አድራሻውን፣ ፎቶውን፣ የስራ ሰዓቱንና ስልኩን ማሳየት ብቻ ከፈለገ ፍሮንት ኤንድ ብቻ ይበቃዋል፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው። እንደዛ አይነት ሰው ላይ ዳታቤዝ ምናምን ብሎ ዋጋ የሚቆልል ዴቨሎፐርም አይቻለሁ፣ እሱም ትክክል አይደለም። እትዬ ግን ክፍል ነው የሚያስይዙት፣ ክፍል ማስያዝ ደግሞ ያለ ማስታወሻ አይሆንም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔ ከመምጣቴ በፊት በመሀል አንድ ሌላ ሰው ገብቶ ነበር፣ የዘመድ ልጅ ነው፣ ሊረዳ አስቦ። ቡኪንግ አይደርስም ሲሉት ገጹን ከቴሌግራም ቦት (በራሱ መልዕክት ከሚልክ ፕሮግራም) ጋር አገናኘላቸው፣ የሞከረው በገጹ ሌላ ኮፒ ላይ ነው፣ ዋናው ገጽ ላይ ገና አልተጫነም ነበር። እንግዳው ሲሞላ መልዕክቱ ሪሴፕሽኑ ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ሰራ፣ እትዬም ደስ አላቸው። ችግሩ የቦቱን ቶክን፣ ማለትም የቦቱን የሚስጥር ቁልፍ፣ ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ነው የጻፈው። ቅድም እንዳልኩት ፍሮንት ኤንድ በሙሉ ወደ እንግዳው ይወርዳል፣ ስለዚህ የገጹን ኮድ የሚከፍት ማንም ሰው ያንን ቶክን ያገኘዋል፣ በቦቱ ስም የፈለገውን የውሸት ቡኪንግ ሲልክ ቢያድር የሚከለክለው የለም። ቶክኑን በቦትፋዘር (ቴሌግራም ላይ ቦቶች በሚተዳደሩበት ቦት) አሰርዤ አስቀየርኩት። ሚስጥር የሆነ ነገር፣ ፓስወርድ ይሁን የባንክ ቁልፍ ይሁን የቦት ቶክን፣ ቦታው ባክ ኤንድ ብቻ ነው። ቴሌግራምን እራሱን አልጣልነውም፣ አሁንም ማሳወቂያ በሱ ነው የሚመጣው፣ የሚልከው ግን ሰርቨሩ ነው።

ባክ ኤንዱን በጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መስሪያ መሳሪያ) ሰራነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል ነው። ጃንጎን የመረጥኩት የአስተዳዳሪ ገጽ አብሮት ስለሚመጣ ነው፣ ሪሴፕሽኗ ገብታ ቡኪንግ የምታይበትና የምታስተካክልበት ገጽ ከዜሮ መስራት አያስፈልግም፣ ለትንሽ ቢዝነስ ብዙ ወጪ ይቀንሳል። ፖስትግሬስኪውኤልን ደግሞ ለአንድ ነገር ወደድኩት፣ አንድ ክፍል ላይ ቀናቸው የሚደራረብ ሁለት ቡኪንግ እንዳይገባ ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ይቻላል። ይሄ ለምን ያስፈልጋል፣ ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንዱን ክፍል ቢነኩ ለሁለቱም ገጹ «ክፍት ነው» ብሎ ሊያሳያቸው ይችላል፣ ምክንያቱም ገጹ የሚያሳየው ከትንሽ ጊዜ በፊት ያየውን ነው፣ የመጨረሻው ቃል የዳታቤዙ መሆን አለበት። ለንግስ ሰሞን ይሄ ወሳኝ ነው፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው።

ዋጋም እንደዛው ነው። የድሮው ገጽ ጠቅላላ ዋጋውን የሚያሰላው ፍሮንት ኤንድ ላይ ነበር፣ እንደዛ ሆኖ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ቢቀበለው ኖሮ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ቀይሮ በአንድ ብር ክፍል ሊይዝ ይችላል። አሁን ፍሮንት ኤንዱ የሚልከው የትኛው ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለውን ብቻ ነው፣ ሂሳቡን ሰርቨሩ ከራሱ የዋጋ ዝርዝር ይሰራዋል።

ቀብዱ ላይ ደግሞ ረጅም ክርክር ነበረን። እትዬ ቀብድ የሚቀበሉት በቴሌብር ነው፣ እንግዳው ስክሪንሻት ይልካል፣ ሪሴፕሽኗ አይታ ትመዘግባለች። ስክሪንሻት ግን ምስል ነው፣ ምስል ይቀየራል፣ የውሸት ደረሰኝ የደረሰበት ነጋዴ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኦንላይን ክፍያ ስታስገቡም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፣ እንግዳው ሲከፍል «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል ገጽ ይመጣለታል፣ እሱ ገጽ እንግዳው ስልክ ላይ ያለ ፍሮንት ኤንድ ነው፣ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው የናንተ ሰርቨር በቀጥታ ከክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ጋር ተነጋግሮ «ይሄ ክፍያ ገብቷል ወይ፣ ስንት ነው» ብሎ ሲያረጋግጥ ነው። ቴሌብርም ሆነ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞች ለዚህ መንገድ አላቸው። እኛ ጋር ቀብዱ እስኪረጋገጥ ክፍሉ ለሁለት ሰዓት ይያዛል፣ ካልተከፈለ በራሱ ይለቀቃል፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል ያሉት እትዬ ናቸው፣ እኔ ኮዱን ብቻ ነው የጻፍኩት። እንደዚህ አይነት ውሳኔ የባለቤት ነው፣ ዴቨሎፐሩ ከገመተላችሁ አንድ ቀን ያጣላችኋል።

አሁን ፍሮንት ኤንዱ ምንም አላጠፋም ማለት አይደለም። የስልክ ቁጥር ሳጥኑ 09 ብሎ ካልጀመረ አልቀበልም ይል ነበር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ስራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ ያለው ስንት ሰው አለ፣ ያ ሁሉ እንግዳ በሩ ላይ ይመለስ ነበር። ፎቶዎቹም ከካሜራ እንደወጡ ነበር የተጫኑት፣ በሞባይል ዳታ የሚከፍት ሰው ሐይቁ እስኪመጣለት ብዙ ይጠብቃል፣ ቤተሰብ ይዞ መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይጠብቅም። አሳንሰን ወደ ዌብፒ (ፋይሉ ቀለል የሚል የምስል አይነት) ቀየርናቸው፣ ለአይን ልዩነት የለውም።

ትልቁ የፍሮንት ኤንድ ችግር ግን ካላንደሩ ነበር፣ እሱን ሳየው ነው ይሄን ጉዳይ መጻፍ አለብኝ ያልኩት። ብራውዘሩ ይዞት የሚመጣው የቀን መምረጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለገብርኤል የሚመጣ እንግዳ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሐምሌ 19 ነው፣ ካላንደሩ ላይ የሚያየው ጁላይ ነው፣ ሐምሌ ጁላይ ነው ብሎ ጁላይ 19ን ይነካል፣ ጁላይ 19 ግን ሐምሌ 12 ነው፣ ንግሱ ጁላይ 26 ላይ ነው የሚውለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀድሞ ያዘ ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዛው፣ «በ3 ሰዓት እደርሳለሁ» የሚል ሰው የጠዋቱን 3 ይሁን ማታውን፣ ወይስ በፈረንጁ አቆጣጠር 3 ይሁን አይታወቅም።

ታዲያ መፍትሄው ዳታቤዙ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስቀመጥ ይመስላችኋል፣ አይደለም። የዳታቤዝ የቀን ሳጥን የተሰራው ለፈረንጅ ካላንደር ነው፣ 13ኛ ወር አያውቅም፣ ጳጉሜን አይቀበልም። ጥቅምት 30ን ብትሰጡት ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሚሆን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል። እንደ ተራ ጽሁፍ ብታስቀምጡት ደግሞ ስንት ሌሊት እንዳደረ ማስላትና መደራረቡን ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ ከኋላ በፈረንጅ ይቀመጣል፣ ከፊት ለእንግዳው በሐበሻ ይታያል፣ ለውጭ እንግዳ ደግሞ በራሱ። ጃቫስክሪፕት ራሱ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሳየት ችሎታ አለው፣ የቀን መምረጫውን ግን በእጅ መስራት ነበረብን። ሰዓቱን «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» በሚል ምርጫ ቀየርነው፣ ከዛ በላይ ማወቅ ለፔንሲዮኑ ምንም አይጠቅመውም። ፊትና ኋላ ስራ የሚከፋፈሉት እንዲህ ነው፣ አንድ ቀን ነው፣ ሁለት ቦታ ሁለት መልክ አለው፣ ሁለቱም ግን መስማማት አለባቸው።

ሌላው ስም መፈለግ ነው። እንግዳው ኃይሉ ብሎ ይመዘገባል፣ ሪሴፕሽኗ ሀይሉ ብላ ትፈልጋለች፣ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ «የለም» ይላታል። ፍለጋው ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያያቸው አደረግን፣ እንግዳው የጻፈው ግን እንዳለ ነው የሚቀመጠው፣ የሰው ስም አይነካም።

ሁሉም ከተሰራ በኋላ በጣም ያለፋን ኮዱ ሳይሆን ደብተሩ ነው። ሪሴፕሽኗ ለስንት ጊዜ የለመደችው ደብተር አለ፣ በስልክ የሚይዝ አለ፣ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የሚመጣም አለ፣ እነሱን ደብተር ላይ ብቻ ከጻፈቻቸው ሲስተሙ ክፍሉ ክፍት ነው ብሎ ለሌላ ይሸጠዋል። ባክ ኤንድ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። እትዬ መጀመሪያ «ሁለቱንም ትጻፍ» አሉ፣ አልሆነም፣ ስራ ሲበዛ አንዱ ይዘለላል። በመጨረሻ የተስማማነው ስልኩን ይዛ እያለች ቀጥታ ሲስተሙ ላይ እንድትመዘግብ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የቀኑን ዝርዝር ፕሪንት ታደርጋለች፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢሄድ በሱ ትሰራለች፣ ሲመለስ ታስገባለች። ለመጠቀም ቀላል እንዲሆንላትም የአስተዳዳሪውን ገጽ በአማርኛ አድርገን የማትፈልጋቸውን ነገሮች አወጣንላት። እሷ ካልተመቻት ሲስተሙ የለም ማለት ነው፣ ብዙ ዴቨሎፐር ለእንግዳው ገጽ ሲጨነቅ ሰራተኛዋ የምታየውን ገጽ ይረሳዋል።

ስለ ገንዘቡ፣ ቁጥር አልጠቅስም፣ ግን አከፋፈሉን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው ገጽ አንዴ ተከፍሎበት አልቆ ነበር፣ ፍሮንት ኤንድ ብቻ ስለሆነ ሆስቲንጉም (ገጹን ኢንተርኔት ላይ የማስቀመጫ ኪራይ) በጣም ርካሽ ነው። ባክ ኤንድ ሲመጣ ግን ሌት ተቀን የሚሰራ ሰርቨር አለ፣ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) አለ፣ የደህንነት ማሻሻያ አለ፣ ይሄ በየወሩ የሚከፈል ነው፣ የውጭ ሰርቨር ከሆነ በዶላር ነው፣ የውጭ ካርድ የሌለው ሰው በዴቨሎፐሩ ካርድ ላይ ይንጠለጠላል። እትዬ ላይም የደረሰው ይሄው ነው፣ ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ) ሆስቲንጉም በመጀመሪያው ልጅ ኢሜይል ነበር የተከፈተው። ልጁ ደግ ሰው ስለሆነ ያለ ጭቅጭቅ አስረከበን፣ ባያስረክብ ኖሮ የፔንሲዮኑ ስም ራሱ በሰው እጅ ይቀር ነበር። አሁን በእትዬ ኢሜይል ነው፣ ሰርቨሩንም በብር ወደሚከፈልበት የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ አዛወርነው።

አዲሱ ውል ላይ ያ አንድ መስመር የለም። በምትኩ እንዲህ ተጻፈ፣ እንግዳው ቁልፉን ሲነካ ቡኪንጉ ዳታቤዝ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሪሴፕሽኗ የት እንደምታየው፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ቢይዝ ምን እንደሚሆን፣ ባክአፕ በስንት ጊዜው እንደሚወሰድና ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ኮዱና አካውንቶቹ የማን እንደሆኑ። ርክክቡም ላይ እትዬ ከራሳቸው ስልክ ቡኪንግ ሞሉ፣ ሪሴፕሽኗ በራሷ ኮምፒውተር አየችው፣ ስልኩን አጥፍተው ከፍተው እንደገና አዩት፣ ከዛ ፈረሙ። ዌብሳይት ለምታሰሩ ሁሉ ይሄን ሙከራ አጥብቄ እመክራለሁ፣ ከናንተ ምንም የኮምፒውተር እውቀት አይጠይቅም።

የታህሳሱ ንግስ ሲመጣ አንድ ክፍል ላይ የተጋጨ እንግዳ አልነበረም፣ ስማቸው የጠፋባቸውም አልነበሩም። የወጣ አዲስ ነገር ቢኖር ቀብድ ከፍለው ሳይመጡ የቀሩ ሰዎች ብራችን ይመለስ ማለታቸው ነው፣ ሲስተሙ ላይ ለዚህ የተጻፈ ደንብ የለም። ከመምጫው ቀን ስንት ቀን ቀድሞ የሰረዘ ሙሉ ይመለስለት፣ ስንት ቀን ሲቀረው ግማሽ፣ ለንግስ ሰሞን ይለይ ወይስ አይለይ፣ እትዬ ገና እያሰቡበት ነው። እስኪወስኑ ድረስ ተመላሹን እሳቸው ራሳቸው በስልክ እየተነጋገሩ በእጅ ነው የሚልኩት፣ ሪሴፕሽኗም ሲስተሙ ላይ «ተሰርዟል» ብላ ክፍሉን ትለቀዋለች።